ነገን የሳሉ ሰዎች፦ የአንባቢያን ጥያቄና የመምህሩ መልስ

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ አጭር ጽሑፍ አውጥቼ ነበር። ከቅኝ ግዛት ነፃ የወጡ አገሮች በነፃነት ማግስት ስለ ነገ ምን ያልሙ እንደነበር የሚናገር ነው። ደብዳቤውም የቴሌግራም መልእክቱም ጎረፈ። ሁሉንም መመለስ አልችልም፤ የመረጥኳቸው እነሆ። "ዓ.ም." ብዬ ካልጻፍኩ በስተቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

"ጋሼ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምኖረው እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር ነው። ክፍል ውስጥ ክርክር ነበረን። የደረሰኝ 'ነፃ የወጡት የአፍሪካ መሪዎች ሕልመኞች ነበሩ፤ ሕልማቸው አገራቸውን ጎዳ' የሚለው ወገን ነው። አሸነፍን። ግን ደስ አላለኝም። እውነት ሁሉም ከንቱ ነበር? አንዳንድ ጓደኞቼ ደግሞ 'እኛ ቅኝ አልተገዛንም፤ ምን አገባን?' ይላሉ።"

ልጄ፣ አሸንፈህ ደስ ካላለህ ነገሩን በደንብ አስበህበታል ማለት ነው።

ከጋና እንጀምር። ጋና ነፃ የወጣችው ማርች 6 ቀን 1957 ነው። መሪዋ ኩዋሜ ንክሩማ የሚያልመው ስለ ጋና ብቻ አልነበረም። አንድ የአፍሪካ መንግሥት ነበር የሚፈልገው። አገር ቤት ደግሞ ሕልሙን በሲሚንቶ ጀመረው። በቮልታ ወንዝ ላይ የአኮሶምቦ ግድብ፣ በባሕሩ ዳር የቴማ ወደብና አዲስ ከተማ። ሁሉም የተያያዘ ነበር። ጋና አሉሚኒየም የሚወጣበት ቦክሳይት የሚባል ማዕድን አላት። ግድቡ መብራት ይሰጣል፣ መብራቱ ማዕድኑን ያቀልጣል፣ አሉሚኒየሙ ከቴማ ይጫናል። ጥሬ ዕቃ በርካሽ ሸጦ የተሠራውን በውድ መግዛት ያበቃል። ይህ የእብድ ሐሳብ ነው? በጭራሽ። ዛሬ አንድ ሚኒስትር ቢናገረው እናጨበጭብለታለን።

ግድቡ ተሠራ፤ በጃንዋሪ 1966 ተመረቀ። ፋብሪካውም መጣ። ችግሩ ውሉ ላይ ነበር። ገንዘብ ያመጡት የውጭ ኩባንያዎች መብራቱን በርካሽ የሚያገኙበትን ስምምነት አስፈረሙ። የጋናን ቦክሳይት ትተው በከፊል የተጣራ ጥሬ ዕቃ ከውጭ እያስገቡ አቀለጡ። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ሐይቅ ደግሞ ወደ 80,000 ሰው ከቀዬው አስነሣ። ንክሩማ ግድቡን በመረቀ በወሩ፣ ፌብሩዋሪ 24 ቀን፣ ውጭ አገር ሳለ ወታደሮች ገለበጡት። አክራ ውስጥ ሰው አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ።

ለምን ጨፈረ? ክርክራችሁ ላይ ይህ ጥያቄ ሳይነሣ የቀረ ይመስለኛል። በ1958 ሰውን ያለ ፍርድ ማሰር የሚፈቅድ ሕግ ወጥቶ ነበር። በ1964 ጋና በሕግ የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች። ሕልሙ መጥፎ ስለነበር አይደለም ሰው የጠላው። "ይህ ነገር እንዲህ ቢሆንስ?" የሚል ሰው እስር ቤት የሚገባበት ሕልም ሆኖ ነው።

ታንዛኒያን ደግሞ ተመልከት። እኔ ከሁሉም በላይ የማዝነው በዚች አገር ታሪክ ነው። ፕሬዚዳንቷ ጁሊየስ ኔሬሬ በፌብሩዋሪ 1967 የአሩሻን አዋጅ አወጣ። ገበሬው በመንደር ተሰባስቦ፣ አብሮ አርሶ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ አጠገቡ አግኝቶ የሚኖርባት አገር። ኡጃማ አሉት፤ እንደ ቤተሰብ መኖር ማለት ነው። የሚገርመው፣ አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ይህን በራሳቸው የጀመሩ ሰዎች ነበሩ። በደቡብ፣ ሩቩማ በሚባለው አካባቢ፣ ሊቶዋ የምትባል መንደር አለች። ወጣቶች ተሰባስበው ጫካ መንጥረው አረሱ። የራሳቸውን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ምን እንደሚዘሩ፣ ትርፉን እንዴት እንደሚካፈሉ የሚወስኑት በስብሰባ ነው። ሌሎች መንደሮችም እየተቀላቀሏቸው ማኅበር ሆኑ። ኔሬሬ ራሱ ይወዳቸው ነበር።

በ1969 ገዢው ፓርቲ ማኅበሩን በተነው። በራሱ የሚወስን መንደር የአካባቢውን ሹማምንት አላስደሰተም። ከዚያ በ1973 "በመንደር መኖር ግዴታ ነው" ተባለ። ሚሊዮኖች እንዲነሡ ተደረጉ። ፈቃደኛ ያልሆነ ቤቱ ፈረሰ፣ አንዳንድ ቦታ ተቃጠለ። ገበሬው ከለመደው ማሳና ውኃ ራቀ። ምርት ወደቀ። አየህ፣ ሕልሙ ያው ነው። ሊቶዋ ላይ ሰዎቹ ያለሙት ነው፤ በ1973 ግን ሌላ ሰው ስለ እነሱ አልሞ እንዲገቡበት የታዘዙበት ነው። ለኔሬሬ ፍትሐዊ ልሁን፦ ብዙ ሕዝብ ማንበብና መጻፍ ተማረ፣ ስዋሂሊ አገሪቱን አስተሳሰረ፣ እሱም በ1985 በፈቃዱ ሥልጣን ለቀቀ።

"እኛ ምን አገባን" ላሉት ጓደኞችህ ይህን ንገራቸው። ጣሊያን አምስት ዓመት ያዘን እንጂ ቅኝ አልገዛንም፤ ልክ ናቸው። ግን ያንኑ ጥያቄ እኛም ጠይቀናል፦ ፈረንጅ የደረሰበት ለመድረስ በየት በኩል እንሂድ? በ1931 የወጣው ሕገ መንግሥታችን የጃፓንን አርአያ የተከተለ ነው። በዚያው ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ድረስ ሄደው አይተዋል። ከዚያ የእኔ ትውልድ መጣ።

እኔ በ1967 ዓ.ም. የእድገት በሕብረት ዘማች ነበርኩ። 60,000 ያህል ተማሪና መምህር ነው ገጠር የወረደው። የደረሰኝ ወላይታ ነበር። ፊደል ማስተማሩ ጥሩ ሄደ። ልጅም ሽማግሌም መጣ። አንድ ቀን ስለ ኅብረት እርሻ ስናስረዳ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። በሬያቸውን፣ ማሳቸውን፣ ጉልበታቸውን እንዲያዋጡ የነገርናቸውን ሁሉ በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ "እናንተስ ምን ታዋጣላችሁ?" አሉ። መልስ ሳይጠብቁ ወደ ሥራቸው ሄዱ። ያንን ጥያቄ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ላስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ አንሥቼላቸዋለሁ።

የቀረውን ከታሪክ መጽሐፍህ ታውቀዋለህ። "ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን" የሚል መፈክር በየአደባባዩ ተሰቀለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. መንደር ምሥረታ መጣ። አርሲ፣ ባሌ፣ ሐረርጌ፣ ሸዋ ገበሬው ቤቱን በእጁ አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ፣ በመስመር እንዲሠራ ታዘዘ። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ባወጀ ጊዜ ገበሬው ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በጥቂት ወራት ተበተኑ።

ስለዚህ ልጄ፣ በሚቀጥለው ክርክር "ሕልሙ ትልቅ ነበር ወይስ ትንሽ?" አትበል። በሕልሙ ውስጥ የሚኖረው ሰው "እኔ እንዲህ አልፈልግም" ብሎ በሰላም ቤቱ መግባት ይችል ነበር ወይ? ብለህ ጠይቅ።

"መምህር፣ ተወልጄ ያደግሁት ሻሸመኔ ነው። አሁን ሐዋሳ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ጃማይካ ሰፈር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን እነዚህ ሰዎች ከባሕር ማዶ ተነሥተው እኛ ጋ ምን ፈልገው እንደመጡ ማንም በትክክል አስረድቶኝ አያውቅም።"

እህቴ፣ ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ላይ ስላለ ነገር ጠየቅሽኝ፤ ደስ ብሎኛል። ሁላችንም በዚያ መንገድ እናልፋለን። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ የተቀባውን በር አይተን፣ ረጅሙን ፀጉር አይተን፣ እናልፋለን።

ጃማይካ እስከ 1962 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ሕዝቧ አብዛኛው በባርነት ተጭነው የሄዱ አፍሪካውያን ልጆች ናቸው። በኖቬምበር 1930 ተፈሪ መኮንን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ወሬው ኪንግስተን ደረሰ። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ለሚያነብ ድሃ ጥቁር ሰው ይህ ቀላል ወሬ አልነበረም። ለብዙ ሕዝብ ነፃነት ማለት ነገ የሚሠራ ግድብ ወይም ፋብሪካ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ግን ነፃነት ቦታ ነበረው። ወደዚያ ቦታ መመለስ ነው ያለሙት።

በ1937 ዶክተር መላኩ በያን ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋሙ። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ጊዜ የዓለም ጥቁር ሕዝብ ከጎናችን እንዲቆም ነው። ብዙዎች ቆሙ። ለዚያ ውለታ ንጉሡ በ1948 ሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ፤ ወደ 200 ሄክታር ማለት ነው። መጀመሪያ የመጡት ጥቂት ነበሩ። ንጉሡ ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ካረፉ በኋላ ግን ንጉሡን እንደ አምላክ የሚያዩ ብዙ ራስ ተፈሪያን መምጣት ጀመሩ።

መጥተው ያገኙት ምን ነበር? የሚያርሱት መሬት፣ የማያውቁት ቋንቋ፣ እንደ ባዕድ የሚያያቸው ጎረቤት። እዚህ ላይ መባል ያለበት ነገር አለ። ንጉሡ የሰጡት አገር ባዶ አልነበረም። የአርሲ ኦሮሞ አገር ነው። በዚያን ጊዜ ሥርዓት መሬት ከላይ ሲሰጥ ከታች ያለውን ሰው የሚጠይቅ አልነበረም። የአንዱ የተስፋ ምድር የሌላው የግጦሽ ቦታ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ደግሞ ራስ ተፈሪያኑም አብዛኛውን መሬት አጡ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ያለ ሕጋዊ መታወቂያ ኖሩ። እዚሁ የተወለደ ልጃቸው እንኳ የውጭ ሰው ነበር። በ2017 ነው መንግሥት የነዋሪነት መታወቂያ ለመስጠት የወሰነው።

እኔ ግን ሕልማቸው ከሸፈ አልልም። ሰፈሩ አለ። ልጆቻቸው አማርኛና ኦሮምኛ ይናገራሉ። እንዳንቺ ያለ ሰው አብሯቸው አድጓል። አንድ ቀን እግር ጥሎሽ ስትሄጂ ከትልልቆቹ አንዱን "ምን ጠብቀው ነበር የመጡት?" በይ። ብዙ ነገር ይነግሩሻል፤ እዚያው ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጡ የሚሰማ ነው።

"ጋሼ፣ ዛምቢያ በ1960ዎቹ ሰው ወደ ጨረቃ ልትልክ ነበር የሚል ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ አየሁ። በርሜል ውስጥ ሰው ከትተው ያንከባልላሉ። ሳቅኩ። በኋላ ግን የሆነ ነገር ቅር አለኝ። እውነት ነው?"

እውነት ነው። ሰውየው ኤድዋርድ ሙኩካ ንኮሎሶ ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ የዘመተ፣ አስተማሪ የነበረ፣ ቅኝ ገዢዎቹን በመቃወሙ ታስሮ የተደበደበ ሰው ነው። ዛምቢያ ኦክቶበር 24 ቀን 1964 ነፃ ስትወጣ እሱ የሕዋ አካዳሚ አቋቁሞ ነበር። ከሉሳካ ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ላይ ወጣቶችን ያሠለጥናል። በርሜል ውስጥ ከትቶ ቁልቁል ይለቃቸዋል። በገመድ አንጠልጥሎ ያወዛውዝና ገመዱን ይቆርጠዋል፤ ክብደት የማጣትን ስሜት እንዲለምዱ ነው። ከሠልጣኞቹ አንዷ ማታ ምዋምባ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ነበረች። ከዩኔስኮ ሚሊዮኖች ፓውንድ ጠየቀ። ማንም አልሰጠውም።

የውጭ ጋዜጠኞች ካሜራቸውን ይዘው መጥተው ስቀው ሄዱ። ቲክቶክ ላይ ያየኸው ያንን ሳቅ ነው። ስድሳ ዓመት ቆይቶ አንተ ጋ ደረሰ። አንዳንድ ዛምቢያውያን ሥልጠናው ለነፃነት ታጋዮች መሸፈኛ ነበር ይላሉ። ሌሎች ንኮሎሶ በኃያላኑ የጨረቃ ፉክክር ላይ እየቀለደ ነበር ይላሉ። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በእስር የተደበደበ ሰው፣ አገሩ ነፃ በወጣች ሰሞን፣ የአንዲት የመንደር ልጅ ስም ከጨረቃ ጋር እንዲጠራ አደረገ። ለዚህ ሳቅ አይገባውም።

የእኛ ሕዋ ሳይንስ ማኅበር በ2004 ሲቋቋምም "የሚበላ የሌለው ሕዝብ ኮከብ ምን ያደርግለታል?" ያሉ ብዙ ነበሩ። ዲሴምበር 20 ቀን 2019 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ተተኮሰች። ሥራዋም እርሻን፣ ደንንና ውኃን መከታተል ነበር።

"ጋሽዬ፣ በ2010 ዓ.ም. ከገጠር መጥቼ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገባሁ። ልብስ ስፌት ላይ ነበርኩ። ስንገባ 'ሐዋሳ የአፍሪካ የልብስ ማዕከል ትሆናለች' አሉን። አራት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን ኖርን። በኋላ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ወጣሁ። አሁን ሻይና ፓስቲ እሸጣለሁ። ስለ ሕልም የጻፉትን ጓደኛዬ አነበበችልኝ። እኛስ ተታለልን ማለት ነው?"

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት።

አልተታለልሽም። ሠርተሻል። የሠራሽው ልብስ ባሕር ተሻግሮ ሰው ለብሶታል። ፓርኩ በጁላይ 2016 ሲመረቅ እኔም እንደ ሁሉም የሐዋሳ ሰው ተደስቼ ነበር። በዘጠኝ ወር ነው ተሠርቶ ያለቀው። 60,000 ሰው ይቀጥራል ተባለ። ቆሻሻ ውኃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ ሐይቁን የማይነካ እንዲሆን ታስቦ ነው የተሠራው። ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው። የንክሩማ ሐሳብ ዘመድ ነው፦ ጥሬ ጉልበትና ጥሬ ዕቃ ከመላክ ይልቅ እዚሁ ሠርቶ መላክ።

ሁለት ነገር ግን ከጋና ጋር ይመሳሰላል። አንደኛው፣ ገበያው የሰው ነው። ልብሱ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባው አጎዋ በሚባለው ዕድል ነበር። የጦርነቱ ጊዜ መጣና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። እዚያ ዋሽንግተን የተወሰነው ውሳኔ እዚህ የአንቺን የቤት ኪራይ ነካ። ሁለተኛው የከበደኝ ነው። ለማሽኑ፣ ለመብራቱ፣ ለውኃው በጥንቃቄ ታስቦ ነበር። አንዲት ከገጠር የመጣች የ18 ዓመት ልጅ የት ታድራለች፣ ማታ ከሺፍት ስትወጣ በየት ትሄዳለች፣ ከ1000 ብር በታች በሚጀምር ደመወዝ ምን ትበላለች የሚለው ግን የኋላ ኋላ የመጣ ጥያቄ ሆነ። ዕቅዱ ሲወጣ እንዳንቺ ያለች ሴት ጠረጴዛው ዙሪያ ብትቀመጥ ኖሮ መጀመሪያ የምታነሣው የማደሪያውን ነገር ነበር።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ያኔ ምን ጠብቀሽ እንደመጣሽ፣ ምን እንዳገኘሽ፣ ምን እንደጎደለ ለጓደኛሽ ንገሪያትና ትጻፍልኝ። ስምሽ ሳይጠቀስ በዚህ ዓምድ አወጣዋለሁ። የከተማችንን ነገ የሚያቅዱ ሰዎች ይህን መጽሔት ያነባሉ።

"መምህር፣ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። 'ሐዋሳን ከ50 ዓመት በኋላ ሳሉ' ተብለው ዱባይን ስሎ መጣ። ሕንፃው መስታወት ነው፣ መኪናው ይበራል፣ ሐይቁ እንኳ የለም። አንደኛ ወጣ። እኔ ግን ከፋኝ። ተሳስቻለሁ?"

አልተሳሳትሽም እህቴ። ልጁ ላይ ግን አትቆጪ። ትልልቆቹም እንዲሁ ነው ያደረጉት።

ሕንድ በ1947 ስትከፈል የፑንጃብ ዋና ከተማ ላሆር ፓኪስታን ውስጥ ቀረች። የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ በጥንቱ ልማድ የማትታሰር አዲስ ከተማ ፈለገ። ቻንዲጋር ተባለች። ንድፉን የሠራው ለ ኮርቡዚዬ የሚባለው ከስዊዘርላንድ የተወለደ የፈረንሳይ አርክቴክት ነው። ሰፊ መንገድ፣ የተመተረ ሰፈር፣ ግዙፍ ኮንክሪት። ለእሷ ሲባል መንደሮች ፈረሱ። ብራዚልም በኤፕሪል 1960 ብራዚሊያን አስመረቀች። ከላይ ስታይዋት አውሮፕላን የምትመስል ውብ ከተማ ናት። የገነቧት ሠራተኞች ግን በፕላኑ ውስጥ ቤት አልነበራቸውም። ለእነሱ ታጉዋቲንጋ የምትባል ሰፈር ራቅ ብላ የተቆረቆረችው በ1958፣ ዋና ከተማዋ ሳትመረቅ ነው።

ወደ ቻንዲጋር ልመለስ፤ የምወደው ታሪክ እዚያ አለ። ኔክ ቻንድ የሚባል የመንገድ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበር። ከፈረሱት መንደሮች ፍርስራሽ ይለቅማል። የተሰበረ ሳህን፣ የእጅ አምባር ስባሪ፣ ሸክላ፣ ድንጋይ። ከሥራ ሲወጣ በብስክሌት ተሸክሞ ጫካ ውስጥ ወዳለ ሸለቆ ይወስደዋል። እዚያ ሰውና እንስሳ፣ ግቢና ፏፏቴ ይሠራል። ቦታው ማንም እንዳይሠራበት የተከለከለ ነበር። ለዓመታት በድብቅ ሠራ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ባለሥልጣናቱ ሲያገኙት ሊያፈርሱት አሰቡ። ሕዝቡ ግን ወደደው። በ1976 ለሕዝብ ተከፈተ። ለእሱም ደመወዝና ረዳት ሠራተኞች ተሰጡት። ዛሬ ቻንዲጋር የሚሄድ ሰው የኮርቡዚዬን ሕንፃ አይቶ፣ ከዚያ የኔክ ቻንድን ግቢ ለማየት ይሰለፋል።

ልጅሽን አስቀምጪና ሥዕሉን አድንቂለት። ከዚያ ጠይቂው። አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡት ሰዎች እዚህ ከተማ ውስጥ የት ናቸው? አባ ኮዳዎቹስ የት ያርፋሉ? ጉማሬዎቹስ? አያቱ ወደ ገብርኤል የምትሄደው በየት በኩል ነው፣ ደክሟት የምትቀመጥበት ጥላ አለ? ባጃጅ ነጂው ምን ሥራ ይዟል? ሐዋሳ ራሷ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በፕላን የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ቀጥ ያሉት ሰፋፊ መንገዶቿ ሰው አስቦ የሳላቸው ናቸው። ይህን ንገሪው። የሚበረውን መኪና አያጥፋ። ሐይቁን ይጨምርበት።

"ለዓምዱ አዘጋጅ። ጡረተኛ ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። እርስዎም እኔም የአንድ ዘመን ሰዎች ነን። በሕልም ስም ወንድሜን አጥቻለሁ። ለልጆቹ ሕልም አያስተምሯቸው። ዳቦ፣ ውኃ፣ ሰላም ይበቃል።"

ወንድሜ፣ ነፍስ ይማር። ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። እኔም የቀበርኳቸው የክፍል ጓደኞች አሉኝ።

ግን ዳቦና ውኃም አንድ ሰው አስቦ ሲያቅደው ነው የሚመጣው። የቡርኪና ፋሶውን መሪ ቶማስ ሳንካራን ያስታውሱታል። ጁላይ 1987 አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ላይ፣ ዕዳችንን አብረን አንክፈል አለ። ቡርኪና ፋሶ ብቻዋን ከቀረች እኔ በሚቀጥለው ጉባኤ አልገኝም አለ። ኦክቶበር 15 ተገደለ። የእሱ ሕልም የሚቆጠር ነበር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ 2.5 ሚሊዮን ሕፃናት ተከተቡ። ባለሥልጣን በአገሩ ጥጥ የተሸመነ ልብስ ለበሰ። ያው ሰው ደግሞ በ1984 ሥራ ያቆሙ ከ1000 በላይ መምህራንን አባረረ። መምህር ስለሆንኩ ይህንን ልረሳለት አልችልም። ሁለቱንም ነው ለልጆቹ የማስተምረው።

አንድ ሌላ ምሳሌ ላንሣ፣ ከራሳችን። አውራ አምባ። ዙምራ ኑሩና ጥቂት ሰዎች በ1964 ዓ.ም. ደቡብ ጎንደር ውስጥ የጀመሩት ነው። ወንዱ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች። የደከመ አረጋዊ የሚጦርበት ቤት አለ። ሽመና ሠርተው ይተዳደራሉ። ጎረቤቶቻቸው ጠልተዋቸዋል። በደርግ ጊዜ ተሰደው ቦንጋ ደርሰዋል። በ1985 ዓ.ም. ተመለሱ። ማንንም በግድ አላስገቡም። ያልተስማማው መውጣት ይችላል። መንደሪቱ ትንሽ ናት፤ ከ50 ዓመት በኋላም አለች። የእኔና የእርስዎ ዘመን ሰዎች ሚሊዮኖችን በአንድ አዋጅ ልንለውጥ ስንጣደፍ፣ እነዚያ ሰዎች እዚያው ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

"የታሪክ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼን ይህን ጉዳይ በዓይናቸው የሚያዩበት ቦታ ልወስዳቸው እፈልጋለሁ። የት ይመክሩኛል?"

አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ። እድሳቱ አልቆ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። በ1963 የ32 አገሮች መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት እዚያ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው። ሦስት ክፍል አለው፦ የትናንት፣ የዛሬ፣ የነገ አፍሪካ። የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ማየት ይመረጣል።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ የቤት ሥራ ስጫቸው። በጃንዋሪ 2014 የአፍሪካ ኅብረት ሰዎች ባሕር ዳር ተሰብስበው ነበር። የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ንኮሳዛና ድላሚኒ ዙማ እዚያ አንድ ደብዳቤ አነበቡ። በ2063 የተጻፈ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው፤ ኩዋሜ ለሚባል ወዳጅ የተላከ። አንድ ስለሆነች አፍሪካና አገሮችን ስለሚያገናኝ ፈጣን ባቡር ይናገራል። በቀጣዩ ዓመት የኅብረቱ የ50 ዓመት ዕቅድ፣ አጀንዳ 2063፣ ጸደቀ። ተማሪዎችሽም ከ2063 ለአንድ ሰው ደብዳቤ ይጻፉ። ለፕሬዚዳንት አይሁን፤ ለጎረቤት፣ ለባለ ሱቅ፣ ለባጃጅ ሾፌር ይሁን። ከዚያ በደንብ የተጻፉትን ላኪልኝ፤ ቦታ እስካለኝ ድረስ አወጣቸዋለሁ። የሚቀጥለው እትም ጽሑፍ የሚዘጋው በወሩ አጋማሽ ነው።